ምዕራፍ ሰባት፦ ከማጥበቅ በፊት መለካት

በ1862 እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ስፒክ ከቡጋንዳው ንጉሥ ከካባካ ሙቴሳ ፊት ሲቀርብ ያስከተለው እጅ መንሻ ብዙ ነበር። የሐር ጨርቅ፣ የወርቅ ሰዓት፣ ሽጉጥ፣ ሦስት አጫጭር ጠመንጃዎች፣ የሩቅ ማያ መነጽር፣ የብረት ወንበር፣ ዶቃ፣ ሹካና ማንኪያ ሳይቀር ተዘርዝሮ ተጽፏል። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የላቀው ግን አንድ የዊትዎርዝ ጠመንጃ ነበር። የንጉሡ ግቢ ያኔ ባንዳ ኮረብታ ላይ ነው። ያ ኮረብታም፣ እኔ ይህን የምጽፍበት ካምዎክያም ዛሬ ካምፓላ በምትባለው ከተማ ውስጥ ይገኛሉ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዝርዝሩን ሳነብ የሚቆጨኝ በውስጡ የሌለው ነገር ነው። ጥይት አለ፣ እርሳስ አለ፣ ማቀጣጠያ ካፕሱል አለ። ጠመንጃው ሲበላሽ የሚፈታበት ቺያቬ፣ አፈሙዙ ሲያልቅ የሚመረመርበት መለኪያ ግን የለም። ጠመንጃው ተሰጠ፤ ጠመንጃውን የሚያድሰው ዕውቀት ከሰጪው ጋር ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ በስተሰሜን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አንድ ንጉሠ ነገሥት ለእንግሊዝ መንግሥት መልእክት ላኩ። አጥብቀው የጠየቁት ባለሙያና የሥራ መሣሪያ ነበር። ወደዚያ ታሪክ እንደርሳለን።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ነው፦ የጠመንጃን አፈሙዝ ከዋናው አካል ጋር ለማሰር ምን መሣሪያ ያስፈልጋል? አፈሙዝ የምለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ቱቦ ነው። ዋናው አካል ደግሞ መዝጊያው የሚመላለስበት፣ ምላጩ የሚንጠለጠልበት ብረት ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ እንዲሠራ የአገሪቱ ሕግ ይፈቅዳል። ቁጥር ተመቶበት እንደ ጦር መሣሪያ የሚቆጠረው ዋናው አካል ነውና፣ አፈሙዝ እንደማንኛውም መለዋወጫ ይገዛል። አፈሙዝ ደግሞ ያልቃል። ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚወጣው እሳት ከጥይቱ ማደሪያ ፊት ለፊት ያለውን ብረት ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ በሺህ የሚቆጠር ጥይት ከተተኮሰበት በኋላ ዒላማ የማይስት የነበረው ጠመንጃ መሳት ይጀምራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ አዲስ አፈሙዝ ይገዛና ‘በየትኛው መሣሪያ ላስረው?’ ይላል።

እዚህ ላይ ወደ ዊትዎርዝ እንመለስ፤ መልሱን የሰጠን እሱ ነውና። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1803 የተወለደ እንግሊዛዊ መካኒክ ነበር። በእሱ ወጣትነት እያንዳንዱ ፋብሪካ ብሎን የሚሠራው በራሱ ልክ ነው። ማንቸስተር የተሠራ ዳዶ ለንደን በተሠራ ብሎን ላይ አይገባም፤ አንድ ብሎን የጠፋበት ሰው ብሎኑን ወደሠራው ቤት መመለስ ነበረበት። ዊትዎርዝ በ1841 ሁሉም በአንድ ልክ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፦ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ይሁን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚኖረው የጥርስ ብዛትም ለየውፍረቱ ይወሰን። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ያሳየው የመለኪያ ማሽን የኢንችን አንድ ሚሊዮንኛ ልዩነት ይለይ ነበር። ይህ ሰው በ1850ዎቹ ፊቱን ወደ ጠመንጃ ሲያዞር በእጁ የነበረው ዋና ሀብት መለካት ነው። በ1857 በተደረገው ውድድር ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ጠመንጃው በርቀት የሠራዊቱን ኤንፊልድ ጠመንጃ በግልጽ በለጠ። ሠራዊቱ ግን ዋጋው ውድ ነው፣ በባሩድ ጥቀርሻም ቶሎ ይደፈናል ብሎ ተወው። ሙቴሳ እጅ የገባው ከእነዚህ አንዱ ነው።

የዊትዎርዝ 55 ዲግሪ ግን ከጠመንጃው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። የጀርመኑ ማውዘር በ1898 ያወጣው፣ ዓለም ሁሉ የገለበጠው ጠመንጃ፣ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ጥርስ 55 ዲግሪ ነው፤ በኢንች 12 ጥርስ። የጀርመን ጠመንጃ በእንግሊዛዊ ልክ ታሰረ ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1930ዎቹ ከቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ያስመጡት፣ የይሁዳ አንበሳ ምልክት የተመታበት አጭሩ ማውዘር፣ ሕዝባችን በልጅግ የሚለው፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው። ሦስት ሥራ አለ፦ መያዝ፣ ማዞር፣ መለካት። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ሁለተኛው ነው። እኔ የምከራከረው ለሦስተኛው ነው፤ ግን በተራ ልሂድ።

መያዝ የሞርሳ ሥራ ነው። ተራ የጋራዥ ሞርሳ ጥርስ ያለው መንጋጋ ስላለው ክብ ብረት ሲነክስ ይቧጭራል፤ ሲላላ ደግሞ ብረቱ ይሽከረከራል። ስለዚህ ለአፈሙዝ የሚመረጠው ሞርሳ በአፈሙዙ ውፍረት ልክ የተቦረቦረ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ጉንጭ ያለው ነው። አካሉን የሚይዘው መፍቻ ደግሞ ለዚያው ዓይነት ጠመንጃ የተሠራ መሆን አለበት። ያገኙትን ብረት በጥይት መግቢያው ቀዳዳ ሰክቶ መጠምዘዝ አካሉን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ አካል ውስጥ መዝጊያው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ያንን ጉዳት የሚያቃና መሣሪያ በቤት ውስጥ አይገኝም።

ማዞርን ለማስረዳት ካምዎክያ ትመቸኛለች። ከኪራ ሮድ ወደ ገበያው ሲታጠፉ ቦዳ ቦዳ የሚባለውን የኪራይ ሞተር ብስክሌት የሚጠግኑ ወጣቶች ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራሉ። አንዱን የባጃጅ ቦክሰር ሞተር የኋላ ጎማ ሲገጥም ቆሜ አየሁት። ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ቺያቬዎቹ በቁጥር ተደርድረዋል። የአክሱን ብሎን በጨርቅ ጠረገ፣ ጥርሱን በጣቱ ጫፍ ዘይት አስነካው፣ ከዚያ ዳዶውን ያለ ምንም ቺያቬ በሁለት ጣቱ አስጀመረው። ዳዶው ሲይዝበት መልሶ ፈታውና እንደገና ጀመረ። ጥርስ በጥርስ ላይ እንዳይሳፈር ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ የለም፤ በየትኛውም ውድ ወርክሾፕ ቢሆን መጀመሪያው ጣት ነው። በመጨረሻ ግን የቺያቬውን እጀታ በክንድ የሚያህል የውኃ ቧንቧ ውስጥ ከተተና በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ‘ሴቦ፣ አሁን አይፈታም’ አለኝ።

ለቦዳ ቦዳ ጎማ ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለአፈሙዝ አይሠራም፤ ምክንያቱ ሰበቃ ነው። ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት 90 በመቶ ያህሉ ሰበቃን ለማሸነፍ ይሄዳል፤ ግማሹ በብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 በመቶው በጥርሶቹ መካከል። ሁለቱን ብረት አንድ አድርጎ የሚይዘው ውጥረት የሚገኘው ከቀሪው 10 በመቶ ነው። ጥርሱ ላይ ጥቂት ግሪስ ቢኖር ወይም ባይኖር፣ ዝገት ወይም አሸዋ ቢገባበት፣ ያችው ትንሽ ድርሻ በብዙ ትለዋወጣለች። ክንድ ደግሞ የሚሰማው ጠቅላላውን ድካም ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሰበቃ፣ ስንቱ ውጥረት እንደሆነ አይለይም። ጥርሱ ይጽዳ፣ የተባለው ግሪስ ይቀባ፣ የተባለው ልክ በቶርክ ሬንች ይሰጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቶርክ ሬንች ሲመረጥ ሰው የሚሳሳተው ትልቁን በመግዛት ነው። ጠቅ የሚለው ዓይነት ከአቅሙ በታችኛው አንድ አምስተኛ ክልል ውስጥ እምነት አይጣልበትም። ስለዚህ 300 ኒውተን ሜትር የሚያነሳ ሬንች 40 ኒውተን ሜትር ለሚፈልግ ሥራ አይመረጥም። የሚፈለገው ልክ በመሣሪያው አቅም መካከል አካባቢ ሲወድቅ ጥሩ ነው። የታወቀው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለነዚህ ሬንቾች የሚፈቅደው ስህተት በአብዛኛው ከ4 በመቶ አይበልጥም፤ ያ ግን ሬንቹ በየጊዜው ሲፈተሽ፣ ከሥራ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ሲመለስና የጠበቀ ብሎን መፍቻ ሳይደረግ ነው። ማስረዘሚያ ቁልፍ ከጫፉ ላይ ሲገጠም ልኩ ይለወጣል፤ ከሬንቹ ጋር 90 ዲግሪ ሆኖ ከተገጠመ ብቻ ንባቡ እንዳለ ይቆያል። ይህን የማያውቅ ሰው ባለ ብዙ ዋጋ ሬንች ይዞ ከቧንቧው ልጅ የባሰ ሊሠራ ይችላል።

የጠመንጃው ዓይነትም የመሣሪያውን ምርጫ ይወስናል። በማውዘር አፈሙዙ ተሽከርክሮ ገብቶ በጥብቅ ይነክሳል፤ ልኩ የሚወሰነው አፈሙዙ በቶርኖ ሲፈረፈር ነው፤ በቤት ውስጥ በቺያቬ አይስተካከልም። የአሜሪካው ሳቬጅ ኩባንያ በ1958 ያወጣው ሞዴል 110 ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ኒኮላስ ብሩወር የነደፈው ይህ ጠመንጃ አፈሙዙን በአንድ ትልቅ ዳዶ ያስራል፤ አፈሙዙ ወደሚፈለገው ጥልቀት ከገባ በኋላ ዳዶው በቦታው ይቆልፈዋል። ቶርኖ የሌለው ሰው አፈሙዝ መለወጥ እንዲደፍር ያደረገው ይህ አሠራር ነው። በኤአር 15 ደግሞ አፈሙዙን የሚይዘው ዳዶ ልክ ከ41 እስከ 108 ኒውተን ሜትር ነው። ክልሉ ይህን ያህል የሰፋው የዳዶው ጥርስ ከጋዝ ቱቦው መተላለፊያ ጋር ፊት ለፊት መግጠም ስላለበት ነው፤ ከዝቅተኛው ልክ በኋላ ቀዳዳው እስኪገጥም ይዞራል። አካሉ አሉሚኒየም፣ አፈሙዙ ብረት በመሆኑም ግራፋይት ያለበት ግሪስ አይቀባም፤ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ እንዲበላሉ ያደርጋልና።

በእኛም በኡጋንዳም በብዛት የሚታየው ክላሽንኮቭ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ከ1959 ጀምሮ በወጣው ኤኬኤም ላይ አፈሙዙ በጥርስ አይታሰርም፤ በከባድ ፕሬስ ተገፍቶ ይገባና ፒን ይሻገርበታል። ቺያቬ የሚይዘው ነገር የለውም። የፋብሪካ ሥራ ነው፤ በመዶሻ ሊሠራው የሚሞክር ሰው የሚያተርፈው አደጋ ነው።

አሁን ሦስተኛው ሥራ። ጥይት በማደሪያው ውስጥ ተኝቶ መዝጊያው ሲዘጋ፣ በመዝጊያው ፊትና የጥይቱ ትከሻ ተደግፎ በሚቆምበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ልክ መሆን አለበት። ርቀቱ ካጠረ መዝጊያው አይዘጋም። ከረዘመ ቀለሁ ባሩዱ ሲነድ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። አዳኞች በሰፊው በሚጠቀሙበት .308 ዊንቸስተር ጥይት ውስጥ ግፊቱ 4,000 ባር ይደርሳል፤ የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር ነው የሚይዘው። ቀለሁ ሲቀደድ ያ ግፊት መውጫ የሚፈልገው በተኳሹ ፊት በኩል ነው። ዓይንና ጉንጭ ከመዝጊያው አንድ ስንዝር ብቻ ይርቃሉ።

ይህን የሚመረምሩት ከጠነከረ ብረት የተሠሩ ሁለት ትናንሽ መለኪያዎች ናቸው፤ አንዱ የሚገባ፣ ሌላው የማይገባ። ለ.308 የመጀመሪያው ከመሠረቱ እስከ ትከሻው መለኪያ ነጥብ 41.40 ሚሊሜትር ነው፤ በእሱ ላይ መዝጊያው መዘጋት አለበት። ሁለተኛው 41.50 ነው፤ በእሱ ላይ መዝጊያው መዘጋት የለበትም። በደኅናው ጠመንጃና ፈቃድ በማይሰጠው ጠመንጃ መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ይህንን ጣት አያገኘውም፣ ዓይን አያየውም፣ በገበያ የሚሸጥ ተራ ካሊብሮም ማደሪያው ውስጥ ገብቶ አይለካውም። ከሞርሳውና ከመፍቻው አንጻር ዋጋቸው ትንሽ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ግን ሰው በቀላሉ የሚተዋቸው እነሱን ነው፤ ምክንያቱም ምንም አይሠሩም፣ ምንም አያዞሩም፣ ‘አዎ’ ወይም ‘አይ’ ብቻ ይላሉ። እኔ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እነሱን ነው።

ለመለኪያ ይህን ያህል የምቆረቆረው አገሬ ያለ እሱ ምን ያህል እንደከፈለች ስለማውቅ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን፣ ካርል ዛልሙለርን፣ ሞሪትዝ ሃልንና ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው መድፍ እንዲያስቀልጡላቸው አደረጉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪ አልነበሩም። ሐበሻና ፈረንጅ ተባብሮ በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ አወጣ። ያንን ሥራ አቃልሎ የሚያይ ሰው ብረት አቅልጦ አያውቅም።

ንጉሡ ግን የጎደለውን ያውቁ ነበር። በ1866 ሚስዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ ባለሙያዎችንና የሥራ ማሽኖችን ጠየቁ። እንግሊዝ ሰዎቹንም ዕቃውንም አዘጋጅታ እስከ ምጽዋ ላከች። ከዚያ ወዲያ አልመጡም፤ መጀመሪያ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ይፈቱ ተባለ፣ እስረኞቹ አልተፈቱም፣ ባለሙያዎቹ ከምጽዋ ወደ መጡበት ተመለሱ። ማሽኖቹ ቀይ ባሕር ዳር ደርሰው ደጋ ሳይወጡ ቀሩ። በዲፕሎማሲው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መጻሕፍት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ምጽዋ ላይ የቆመው ቶርኖ ነው።

በዚያው በ1866 የእንግሊዝ ሠራዊት የጃኮብ ስናይደርን ንድፍ ተቀበለ። አዲስ ጠመንጃ አልነበረም፤ ከአፉ የሚጎርሰው አሮጌው ኤንፊልድ ተወስዶ የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ተቆረጠ፣ በምትኩ በማጠፊያ የሚከፈት የብረት ክፍል በጥርስ ታሰረበት። በሌላ አባባል፣ የዚህ ምዕራፍ ሥራ በብዙ ሺህ ጠመንጃ ላይ ተሠራ። ያንን ያስቻለው በ1850ዎቹ ከአሜሪካ የመጡት የኤንፊልድ ማሽኖችና እያንዳንዱን ቁራጭ ‘ይገባል፣ አይገባም’ እያሉ የሚያሳልፉት መለኪያዎች ናቸው። ኤፕሪል 10 ቀን 1868 አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ፣ እስረኞቹን ለማስፈታት የመጡት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወታደሮች እነዚህን ስናድሮች ይዘው ቆሙ። እንግሊዞቹ እንደቆጠሩት 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእነሱ በኩል ሁለት ሰው በቁስል ሞተ። ሦስት ቀን ቆይቶ የንጉሡ አምባ መቅደላ ተያዘች። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ አገራችን ጠመንጃ አላጣችም፤ ውጅግራ፣ ወጨፎ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ በልጅግ ከየአቅጣጫው ገቡ። ውጅግራው 11 ሚሊሜትር፣ ወጨፎው 10.4፣ ለበኑ 8፣ በልጅጉ 7.9 ነው። በአንድ ጦር ውስጥ ይህ ሁሉ ልክ ሲገኝ ጥይት ከጠመንጃው ጋር አይገናኝም። በአድዋ ድል የተደረገው በዚህ ሁኔታ ነው፤ በማይጨውም ሰው የተዋጋው በዚሁ ነው። ጎንደርና ጎጃም ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉት እነዚሁ ብረቶች ናቸው፤ የአንዳንዱ መዝጊያ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ፣ የአንዳንዱ አፈሙዝ አጥሮ የተቆረጠ ነው። መዝጊያ ሲለወጥ ያ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አብሮ ይለወጣል። ተሸክመው ሲሄዱ ያምራሉ፤ ሲተኩሱ ምን እንደሚያደርጉ ያለ መለኪያ የሚያውቅ የለም።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በኡጋንዳ የ1970ው የጦር መሣሪያ ሕግ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መሥራትንም መጠገንንም ይከለክላል። በኢትዮጵያ በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጥገናን ፈቃድ ካለው አካል ውጭ አይፈቅድም። ስለዚህ አሜሪካዊው በጋራዡ የሚያደርገውን እዚህ ካምዎክያ ወይም እዚያ ደብረ ታቦር ማድረግ ወንጀል ነው፤ የቴክኒኩ ምክንያት ብቻውን እንኳ በቂ በሆነ ነበር።

አንባቢዬ፣ ከአያትዎ የወረሱት ምንሽር ወይም በልጅግ ቤትዎ ካለ፣ በሕግ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ማደሪያውን በሁለቱ መለኪያዎች መርምሮ ‘ይዘጋል’ እና ‘አይዘጋም’ ብሎ እስኪነግርዎ ድረስ ጥይት አያጉርሱበት። ባለሙያው መለኪያዎቹን ሊያሳይዎ ካልቻለ፣ ጠመንጃዎን ይዘው ይመለሱ።